ራሳቸውን ያጣሩት ሊቀመንበር

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ኬንያዊ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን የመረመረው ኮሚቴ ሊቀመንበር የባሌ አባት ነበሩ። መሳቅ ይቻላል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ።

እዚህ በኬንያው ሞያሌ ኪፓንዴ፣ ማለትም መታወቂያ፣ እንዲሁ አይሰጥም። ድንበር ላይ ነንና ማን የወዲህ ማን የወዲያ እንደሆነ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያጣራሉ፦ የማን ልጅ ነህ? አያትህ ከብቱን ያጠጣ የነበረው ከየትኛው ጉድጓድ ነው? ማን ያውቅሃል? እኔን፣ ከኢትዮጵያ በኩል ተሰድጄ የመጣሁትን ሴትዮ፣ ያሳለፉኝ እሳቸው ናቸው።

በነጻነቱ ጊዜ የዚህ አካባቢ ፖለቲከኛ ነበሩ። በጭነት መኪና ላይ ቆመው ከጎዶማ እስከ ኡራን ‹እንግሊዝ ሲሄድ ወረቀት አሳየኝ የሚልህ የለም!› እያሉ ቀስቅሰዋል። ሕዝቡም አጨብጭቦ መረጣቸው። አሁን ወረቀት ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ይህን ባነሣሁባቸው ጊዜ ‹ያኔ የሚጠይቀን እንግሊዝ ነበር፤ አሁን የምንጠያየቀው እኛው ነን፤ ነጻነት ማለት ይኼው ነው› አሉኝ። ኧረ ወዲያ!

ባለፈው ዓመት በሞተር ኡራን ለቅሶ ሲሄዱ ቦርሳቸው ከነኪፓንዴው መንገድ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ የዓይን ግፊት እንዳለባቸው፣ ናይሮቢ ሄደው ቶሎ ካልታከሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረን። የናይሮቢ መንገድ ደግሞ ኬላው ብዙ ነው፤ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ መታወቂያ የሌለውን ያወርዳል።

‹አባባ፣ ኮሚቴው የእርስዎ አይደለም? ይፈርሙና እንሂድ› አልኳቸው። ተቆጡ። ‹አመልካች በዕድሜ የሚበልጠው ምስክር ያምጣ› የሚለውን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ወጣት ለወጣት እየዋሸ አስቸገረን ብለው። እሺ፣ ሰማንያን ካለፈ ሰው የሚበልጥ ከየት ይምጣ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ።

አንድ ሰው ተገኙ። ኦዳ የሚኖሩ፣ በነጻነቱ ምርጫ ከሳቸው ጋር ተወዳድረው የተሸነፉ አዛውንት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኜ አመጣኋቸው።

በማጣሪያው ቀን የባሌ አባት ወንበራቸው ላይ ሆነው ‹አመልካች ይቅረብ!› አሉ። ከዚያ ተነሡና ዞረው ከወንበሩ ፊት ቆሙ። ጠያቂ ሲጠፋ ተመልሰው ተቀመጡና ራሳቸውን ጠየቁ፤ ለመመለስ ደግሞ ተነሡ። ከኮሚቴው አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ የሻርፔን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

ምስክር ሲጠራ የኦዳው ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

‹አውቀዋለሁ› አሉ። ‹ውሸታም ነው። ነገር ግን ውሸቱን ሁሉ የዋሸው እዚሁ አገር ነው፤ ሌላ አገር የለውም።›

ከዚህ የተሻለ ምስክርነት አለ? እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የባሌ አባት ግን ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ‹ምስክሩ ውሸታም ያለውን እስኪያነሣ ጉዳዩ በይደር ይቆይ› ብለው ወሰኑ። የኦዳው ሽማግሌ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።

እንዲህ እየተባለ ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ። ምራት አማቷ ላይ አትጮኽም፣ አውቃለሁ፤ እኔ ጮኽኩ።

‹ዓይንዎ እየጠፋ እኮ ነው! ውሸታም ቢባሉ ምን ይጎድልብዎታል?›

‹ስሜ› አሉኝ።

በንዴት አለቀስኩ። ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ፤ ችግሬ እሱ ነው።

አንድ ጠዋት በሩን ስተው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። በሚቀጥለው ማጣሪያ ላይ ‹የአመልካቹ ውሸታምነት በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ› ብለው ራሳቸውን አሳለፉ።

ካርዱ ተሠርቶ እስኪመጣም የራሱን ጊዜ ወሰደ። ደረሰ በተባለ ቀን እጃቸውን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድን፤ ጸሐፊዋ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ደስ ብሏቸው አገላበጡት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አራቁት።

‹ልጄ› አሉኝ ቀስ ብለው፣ ‹ፎቶዬ የቱ ጋ ነው?›

አውራ ጣታቸው ፎቶው ላይ ነበር።