እግር የሚያጥቡት እመት አስካለ

ከጎጃም በቅሎዬን እየነዳሁ አራዳ የገባሁ ዕለት ያረፍኩት እመት አስካለ ማደሪያ ቤት ነው። እሳቸውን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም፤ እኔን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ለካ ቤት ሙሉ ሠራተኛ እያላቸው፣ የእንግዳ እግር የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው!

«ኧረ በማርያም፣ ራሴ እታጠባለሁ!» ብዬ እግሬን ስሰበስብ፣ «ዝም ብለህ አምጣ!» ብለው ጎተቱኝ። አጥበው ሲጨርሱ ግራ ተረከዜን ገልብጠው ትክ ብለው አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን አዩ፣ እመት?»

«ልጄ ከቤት ሲጠፋ ትንሽ ነበር። ዛሬ መልኩን አላውቀው ይሆናል፤ ተረከዙ ላይ ግን ጠባሳ አለው።»

«እኔ የለኝም» አልኩ፣ ያጠፋሁ ይመስል።

እግሬን በነጠላቸው አደረቁልኝና፣ «ይሁን» አሉ። «የእሱንም እግር የምታጥብ አንዲት እናት አትጠፋም።»