የወዲያኛው ማማ

ባለፈው ጥቅምት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ከሞተሯ ይልቅ ዘፈኗ ይጮህ ነበር። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በሸራው ቀዳዳ ገብታ ጉልበቴን ትጠብሰኛለች። የሽንኩርት ዘንቢሌን እግሬ ሥር አድርጌ፣ መቼ በወረድኩ እያልኩ ተቀምጫለሁ። መሀል ላይ ከበሮው ቀጥ አለ። ከዚያ በሚንሿሿ አሮጌ ቅጂ ውስጥ አንዲት ሴት ከሩቅ «ሃ...ዬይ!» ብላ ተጣራች። እጄ የያዘውን ብረት ለቀቀ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የድምፁን ባለቤት ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት እኔ እናቴ ጸጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ነበርኩ።

የይፋት ቆላ ልጅ ያልሆነ ሰው ይህ ጩኸት ምን እንደሆነ አይገባውምና ላስረዳችሁ። ማሽላው እሸት ሲይዝ የግሪሳ ወፍ መንጋ ይወርዳል፤ አንድ ማለዳ ከዘነጉት የዓመቱን እህል ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ በየማሳው መካከል የእንጨት ማማ ይተከላል፣ እኛ ሴት ልጆቹም ወንጭፍና ጅራፍ ይዘን ሲነጋጋ እንወጣበታለን። ጤዛ የጠጣው አገዳ ደስ የሚል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ነበረው። ረፋድ ላይ ያ ሽታ ይጠፋና አቧራና ከአስፋልቱ የሚመጣ የናፍጣ ጭስ ይተካዋል። ሙቀቱ ዓይን ያጭበረብራል፤ ከማማ ወደ ማማ ጥርት አድርጎ መተያየት አይቻልም። እናም አንዷ «ሃ...ዬይ!» ስትል የቀጣዩ ማማ ጠባቂ «ሃይ!» ማለት አለባት። ጥሪው ወፉንም ያስደነብራል፣ ጓደኛንም ይጠይቃል። መልስ ካልመጣ፣ ወፉ ማሳውን ይጨርሰው ብለን ወርደን እንሮጣለን። ወይ እባብ ነድፏታል፣ ወይ ወባ ጥሏታል ማለት ነው። ጥሪ ሰምቶ ዝም ማለት በኛ ዘንድ አይታሰብም።

ከኛ ማሳ ቀጥሎ ያለው ማማ የዚያች ባለድምፅ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነበር የምላት። ክራር ትመታለች። በዚያን ጊዜ በኛ አገር ክራር የወንድ ነው፤ ያውም የሥራ ፈት ወንድ። አባቷ ከመስጊድ የማይቀሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። በዚያው ለስላሳ ድምፃቸው «ይሄ ነገር ከቤቴ እንዳይገባ፤ ወላሂ እሰብረዋለሁ» አሏት። አልተከራከረችም። ከማማው ምሰሶ ላይ ሚስማር መትታ እዚያ ሰቀለችው። ጅማቱን አይጥ እየበላ ቢያስቸግራት በብስክሌት ፍሬን ሽቦ የወጠረችው ክራር ነበር። ወፉ ጋብ ሲል ትመታዋለች፣ ያንኑ የወፍ ጥሪም ከዘፈኗ መሀል ታስገባዋለች። «ሃ...ዬይ!» ትልና እጇን ከክራሩ አንስታ ትጠብቃለች። እኔ ከማማዬ «ሃይ!» ስላት ትቀጥላለች። ዘፈኑ ያለኔ አይሄድም ነበር፤ በዚህ እንዴት እንደምኮራ!

ከዚያ ደርግ መጣና ዘመኑ የኪነት ሆነ። ቀበሌው ቡድን ሲያቋቁም ለጭፈራ ብለው ወሰዷት። እሷ ግን ክራሯን ይዛ ሄደችና የስብሰባውን ማይክሮፎን ከክራሩ ሆድ ጋር በሻሿ አስራ መታችው። ክራር በድምፅ ማጉያ ሲጮህ በከተማችን የሰማነው ያን ቀን ነው፣ ያውም ከሴት እጅ። ገበያተኛው አህያውን እንደያዘ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰማ። እኔንም ተቀባይ አድርጋ አስገባችኝ። «ይቺ ከሌለች ዘፈኑ ጎደሎ ነው» አለቻቸው።

ለውድድር ደብረ ሲና ወሰዱን። እኛ ቆለኞቹ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጭን፣ ከጭጋጉ ወጥተን አዳራሽ ገባን። የእርጥብ ጋቢ ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል። አንድ ካሴት ቤት ያለው ሰው ቴፑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሊቀዳን ከመድረኩ ሥር ተቀመጠ። እሷ «ሃ...ዬይ!» አለች። እኔ ከኋላዋ በቀጭን ድምፄ «ሃይ!» አልኳት። ዞር ብላ ሳቀችልኝ፤ ያ ሳቅ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ካሴቱ ወጣና አገሩን ሞላው። የከባድ መኪና ሹፌሮች እሱን ሳይሰሙ ቁልቁለቱን አይወርዱም፤ የጀውሃ ምግብ ቤቶችም ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውቱታል። እሷ ግን አንዱን ካሴት አንስታ ወረቀቱን ገልበጥ፣ መለስ እያደረገች አየችው። «የቆላ ሕዝብ ዜማ» ይላል፣ ከሥሩ የኪነቱ ስም።

«ጓድ፣ እኔ የት አለሁ?» አለችው የኪነቱን ኃላፊ።

«ሕዝቡ ውስጥ ነሻ» አላት። ለክፋት አልነበረም፤ ደግ ሰው ነበር። «የወፍ ጥሪ የማን ነው? የሁሉ አይደለም? ያንቺን ስም ብንጽፍ ሌላው ቅር አይለውም?»

የሚያበግነኝ፣ አገሩ ሁሉ ልክ ነው ማለቱ ነው። ጥሪው የሁላችንም ነዋ! ሁላችንም ስንጮኸው ያደግነው ነገር እሷ እጅ ገብቶ ዘፈን መሆኑን ለይቶ ያየ አልነበረም። እሷ ካሴቱን ጉያዋ ከተተችና ወደ ማሳው ሄደች። ማማዋ ሥር ተቀምጠን ጥንቅሽ እያኘክን፣ «አዲስ አበባ ሄጄ ራሴ አስቀርጸዋለሁ። ስሜን አጽፌበት እመጣለሁ፣ አባቴም ያየዋል» አለችኝ።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲል፣ አንድ ማለዳ ማማዬ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ደብረ ሲና ከሚወጣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ «ሃ...ዬይ!» የሚል ጥሪ መጣ። የክራሩን ጫፍ በመስኮቱ ወጥቶ አየሁት። ባለኝ ጉልበት ሁሉ «ሃይ!» አልኩ። መኪናው ማርሽ እየቀየረ ያጓራል። መስማቷን አላውቅም፤ ይኸው እስከዛሬ አላውቅም።

አልተመለሰችም። አንዱ አሰብ ሆቴል ውስጥ ስትዘፍን አይቻታለሁ ይላል፣ ሌላው ጅቡቲ ተሻግራለች ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሞታለች ይላል። ዘፈኑን አንድ ስመ ጥር ወንድ ዘፋኝ በኦርጋን ተጫወተው፤ ከሱ በኋላ ሌሎች፤ ሠርግ ቤት ሁሉ ገባ። ማን ነው የደረሰው ሲባል «የሕዝብ ነው» ይባላል። እኔ ግን ነፋሱ ከወዲያኛው ማማ በኩል በመጣ ቁጥር አንገቴ ይዞራል። ምሰሶው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

የአባቷ ይብሳል። ካረጁ በኋላ፣ ወፍ በሚወርድበት ወር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ማሳው ዳር ይቆሙ ነበር። ማንም ሳይጠራ ወደ ባዶው ማማ ዞረው፣ ያንን ከፍ ብሎ የማያውቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሃይ!» ይላሉ። ትንሽ ጠብቀው ይደግሙታል። አንድ ቀን አጠገባቸው ደርሼ፣

«አባባ፣ ማን ጠራ?» አልኳቸው።

«አልሰማሽም እንዴ?» አሉኝ፣ ተገርመው።

ያን ቀን ቤት እስክደርስ ወደኋላዬ ዞሬ አላየሁም። እሳቸው እንደዚያ ሲመልሱ ኖረው ሞቱ።

ባጃጇ ውስጥ የሰማሁት ያው የደብረ ሲናው ቅጂ ነው። አንድ ወጣት ዘፋኝ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ከአዲሱ ዘፈኑ መሀል ከትቶታል። የሷን ጥሪ አስቀርተው የኔን መልስ ቆርጠው ጥለውታል፤ በቦታው ከበሮ ገብቷል። ቆራጩ መቼም የቆላ ልጅ አይደለም። እሷ ትጠራለች፣ የሚመልስላት የለም፤ ደግማ ትጠራለች። ከባጃጇ ዘልዬ ማሳ ለማሳ ልሮጥ ቃጣኝ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አልኩት ሹፌሩን።

«እንጃ፣ እትዬ። የሕዝብ ነው የሚሉት።»

«የሕዝብ አይደለም። የራሷ ነው። ሩቂያ ትባላለች።»

ስሟን ጮክ ብዬ ከተናገርኩ ስንት ዘመኔ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እኔ የቀወት ልጅ ነኝ» አለ። «ወፍ ጠብቄ ነው ያደግሁት። ይቺን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር፣ ምነው አይመልሱላትም እላለሁ።»

ባጃጇን ከአስፋልቱ አውጥቶ ጥላ ሥር አቆማት። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፣ ያ ጣፈጥ ያለ ሽታም ነበረ። ዘፈኑን ወደኋላ መለሰው። ሩቂያ ተጣራች። ከበሮው ሊገባ ሲል ልጁ ድምፁን ዘጋልኝ።

«ሃይ!» አልኩ።

ድምፄ አርጅቷል። ትለየኝ እንደሆነ እንጃ።