ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ በየቤቱ ተደብቀን በምንጸልይበት ጊዜ ነው። ዛሬም ሰው ፊት ጮክ ብዬ ማንበብ የማልችለው በዚያን ቀን ምክንያት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ወንጌል ሰባኪ ነበር። ከአርባ ምንጭ ይዘው አዲስ አበባ ወህኒ ቤት አስገቡት። ስንቅ ለማመላለስ ሩቅ ነው፤ ገንዘብ ልንልክለት ተስማማን። ስድስት ሰዎች አዋጡ። ከኦቾሎ መንደር መጥተው እኛ ሰፈር የሚሸምኑት አቶ አይዛ የአንድ ጋቢ ዋጋ ሰጡኝ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ማርታ ከወለደች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ እሷም ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝ።

ወደ አዲስ አበባ ሙዝ የሚጭኑት ነጋዴ ጋሽ ሸምሱ ገንዘቡንና ደብዳቤዬን ወህኒ ቤቱ በር ላይ ሊሰጡልኝ እሺ አሉ።

"ልጄ፣ ደህና ነን ብለሽ ብቻ ጻፊ። በር ላይ ያነቡታል" አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። በሠላሳ ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ጎዶሎ ነገር መጻፍ ያመኛል። ደግሞም በእኛ ዘንድ ለሰው የሚጸለየው ስሙ ተጠርቶ ነው። ጴጥሮስ እየጠራ እንዲጸልይላቸው ስድስቱንም ከነአባታቸው ጻፍኩ። እስረኛ መርዳት ወንጀል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ወር ሳይሞላ ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤዬን ከኪሱ አወጣ።

"ጓዲት፣ ነይ አንብቢልን። አብዮቱ ያስተማረሽ እንድታነቢ አይደል?"

ሰው ሳቀ። ወደ ፊት ወጣሁ።

"ስሞቹን ብቻ። የተጠራ ይቆማል።"

ጀመርኩ። አቶ አይዛ ቀስ ብለው ቆሙ።

"ጮክ በይ እንጂ! አፍሽ ውስጥ ሙዝ አለ እንዴ?"

ማርታ ከኋላ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። የእሷ ስም ላይ ስደርስ ዘለልኩት። ወረቀቱን አጠፍኩ።

ሊቀመንበሩ በጣቱ ቆጠረ። "አምስት ቆሙ። የተጻፈው ስድስት ነው። ከ'ሀ' እንደገና እናስጀምርሽ?"

ያጠፍኩትን ወረቀት አልዘረጋሁም።

"አታስጨንቃት፤ የቀረሁት እኔ ነኝ" አለች ማርታ። ልጇን ከጡቷ ሳታላቅቅ ተነሣች።

"አየሽ? ያልተማረችው ትሻልሻለች" አለኝ ሊቀመንበሩ።

ስድስቱንም ወሰዷቸው። እኔን ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ሁሉ እየሰማ፣ "ጎበዝ፣ በደንብ አንብበሻል" ብሎ አሰናበተኝ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ጠቋሚ ናት ብሎ ሸሸኝ። ስንቅ ይዤ ብሄድም የታሳሪዎቹ ቤተሰቦች ከእጄ አልቀበል አሉ።

በዓመቱ ተፈቱ። ማርታ ባዶ እጇን ወጣች። ሕፃኗ እዚያው እስር ቤት በተቅማጥ ሞታለች።

ጴጥሮስ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለዚያ ነበር። ገንዘቡም ደብዳቤውም አልደረሰውም።

ሰዎች "ዘመኑ ነው" ይሉኛል። ሊቀመንበሩን ጌታ ይፍረድበት። ግን ጋሽ ሸምሱ ነግረውኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ማርታ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሙዝ ገዝቼ ተመለስኩ።