የቅጠሉ ውሃ የነጣ ዕለት

በዚያ ቤተ ሙከራ እማማ ብልቃጥ ይሏቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ብልቃጥ ሲያጥቡ ኖረዋላ። እናት የሰጠቻቸውን ስም ማን አስታውሶት!

የሚያሳዝነው እጃቸው ነበር። እዚያ የሚሠራው ብር ነው፤ ጌጥ የሚሆነው ሳይሆን፣ ዓይን የማያየው ደቃቅ፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ በፋሻ ላይ የሚቀባው። እሱን ከሟሟበት ውሃ ለማውጣት የሚጨምሩት የኬሚካል መድኃኒት ብልቃጡ ላይ ተጣብቆ ይቀርና፣ ጓንት ቢያጠልቁም ጣታቸውን ይሰነጣጥቀዋል። ማታ የልጅ ልጃቸው "አያቴ፣ ጸጉሬን ሥሪኝ" ስትል፣ ጸጉሩ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ስለሚያማቸው "ነገ" ይሏታል። ነገም እንደ ዛሬ ነው።

ታዲያ እዚያው የምትሠራ አንዲት ወጣት ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አመጣች። መድኃኒቱን ትታ፣ ግቢው በር ላይ ካለው የዘይቱን ዛፍ ቅጠል ቀጥፋ አፍልታ፣ በዚያ ውሃ ብሩን ልታወጣ። ውሃው ቡናማ ከሆነ ብሩ ወጣ ማለት ነው። አለቃቸው ሳቀባት።

"ሻይ ቤት ከፈትሽ እንዴ? እሺ፣ ዛሬ አሳዪኝ። ካልሆነ ወደ መድኃኒታችን እንመለሳለን።"

ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የእማማ ብልቃጥ ጉልበት ከዳቸው። ብልቃጡ መጨረሻ ላይ የሚለቀለቅበት የተጣራ ውሃ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ጀሪካኑ አይነሣም። ደረጃውን አዩት፣ አዩትና "ውሃ ውሃ ነው" ብለው በቧንቧ አለቀለቁ። በደንብ እንኳ ሳያጠነፍፉ አቀበሏት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ልጅቱ የቅጠሉን ውሃ ቀዳች፤ የብር ጨው የሟሟበትን ውሃ ጨመረችበት። ቡናማ መሆኑ ቀርቶ ነጣ፣ ደፈረሰ።

"አየሽ፣ ሻይሽ ወተት ገባበት" አለ አለቃው። "በይ መድኃኒቱን አውጪ።"

"ቅጠሉ ነው ጉድ የሠራኝ" አለች ልጅቱ።

እማማ ብልቃጥ ፎጣቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ግን ዝም ካሉ ያ መድኃኒት ሊመለስ ነው። እጃቸውን አዩት።

"ልጄ፣ ቅጠሉን አትውቀሺው። እኔ ነኝ፣ በቧንቧ ነው ያለቀለቅሁት።"

"እማማ! ስንቴ ነገርኩዎት? የቧንቧ ውሃ ጨው አለበት፣ ብሩን ያነጣዋል!"

"ነግረሽኛል። ለጉልበቴ ግን ማን ይንገረው?"

አለቃው ሰዓቱን አየ። "እስከ ምሳ" አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እማማ ብልቃጥ ወረዱ። ጀሪካኑን በየደረጃው እያሳረፉ፣ ወገባቸውን እየያዙ አወጡት። ልጅቱ ልትቀበላቸው ብትል "ተይኝ፣ የኔ ጥፋት ነው" አሏት። እንደገና አጠቡ፣ አለቀለቁ፣ ደፍተው አጠነፈፉ። ልጅቱ የቅጠሉን ውሃ እንደገና ቀድታ የብሩን ጨመረችበት። ፈዛዛው ቢጫ ቀስ እያለ ማር መሰለ፤ ማሩም ጠቆር እያለ ቡናማ ሆነ። አለቃው በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ምሳውን ሊበላ ወጣ። ልጅቱ ዘላ ስታቅፋቸው እማማ ብልቃጥ ቀስ ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ የሚታጠበውን ብልቃጥ ሰበሰቡ፤ ለሳቸው ማጠቡ መቼ ቀረ!

ማታ የልጅ ልጃቸው ማበጠሪያዋን ይዛ መጣች።

"ዛሬም እጅሽ አልዳነም?"

"ገና ነው። ግን ነይ፣ ጠጋ በይ።"

ጣታቸው ቅጠል ቅጠል ይሸት ነበር። አንዷን ጉንጉን ሳይጨርሱ፣ እጃቸው ጸጉሯ ውስጥ እንዳለ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።