ከቀብር በኋላ የተነፋው ጡሩምባ

ይህ ነገር የደረሰብን ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ፣ ከተማችን በታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ኅዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስንሰማው የነበረውን ተኩስ እንኳ ሰው ሲያነሳው ነው ትዝ የሚለኝ። ያን ጠዋት ግን አልረሳሁትም፤ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ መልስ ያጣሁበት ጠዋት ነውና።

የምኖረው እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ሙያዬ ግንበኝነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ከጋብቻ በኋላ፣ በራሴ ጥረት ነው። የሰፈራችን ቅሬ ዳኛም ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለው በአንድ ቅሬ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ያለቅሳል። ሕግ ላይ ቀልድ አላውቅም። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። የገዛ ልጄንም ቀጥቻለሁ።

በዚያ ወቅት ቀበሌው ተዘግቷል፣ ፖሊስ የለም፣ መብራትና ስልክ ጠፍተዋል። ማን እንደሚያስተዳድረን አናውቅም። ጠዋት አንዱ ታጣቂ መጥቶ ሱቅ ክፈቱ ይላል፤ ከሰዓት ሌላው መጥቶ ማን ክፈቱ አላችሁ ብሎ ይቆጣል። አንድ ቀን አዲስ አስተዳደር ተቋቁሟል ይባላል፤ በማግስቱ ተሿሚው ሰው ራሱ ተደብቋል ይባላል። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ሰው እንዳይሰበሰብ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር በዚህ መሀል ታመው ጎህ ሲቀድ አረፉ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወንዶች ልጆቻቸው ጦርነቱ ሲቃረብ ሸሽተዋል። አጠገባቸው የነበረችው ሴት ልጃቸው ዘምዘም ብቻ ናት። እሷም ያገባችው ኮምቦልቻ ነው። መኪና ሲቋረጥ፣ አባቴ ብቻውን አይሞትም ብላ የሐረጎን ዳገት በእግሯ ወጥታ መጥታለች።

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ጀናዛ፣ ማለትም ሬሳ፣ አይቆይም። አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንባቸው፣ ጥቂት ሰዎች ሆነን በጓሮ በኩል ወሰድናቸው። ጡሩምባ እንዳይነፋ አዝዤ ነበር። ለጡሩምባ ነፊያችን ለጋሽ መኮንንም ሰው ልኬ፣ "ጋሽ ይመር አርፈዋል፤ ጡሩምባ ግን የለም" አስብያለሁ።

ጋሽ መኮንን ክርስቲያን ናቸው። ከጋሽ ይመር ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። ሲገናኙ ሥራቸው መሰዳደብ ነው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ለኔ ስትነፋ ትንፋሽ እንዳያጥርህ ከአሁኑ ተለማመድ" ይላሉ ጋሽ ይመር።

"አንተ ብቻ ሙትልኝ! ኩታበር ድረስ ነው የማሰማልህ" ይላሉ ጋሽ መኮንን።

ቀብረን ስንመለስ ጡሩምባው ከላይ ሰፈር ወደ ጋሽ ይመር ቤት እየወረደ ተሰማ። ረጅም ነበር። ቀጥሎ የጋሽ መኮንን ድምፅ መጣ። "ቅሬ ውጣ! የይመር ቤት! ቅሬ ውጣ!"

በደህናው ጊዜ ይህን የሰማ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ያን ቀን ግን በሩን ገርበብ አድርጎ የነበረውም ዘጋው። ታጣቂዎቹ ቅሬ የሚባል ነገር አያውቁም። እነሱ የሰሙት ጡሩምባና "ውጣ!" የሚል ጩኸት ነው።

ከጋሽ ይመር በር ስንደርስ ታጣቂዎቹ ጋሽ መኮንንን መሬት ላይ አንበርክከዋቸዋል። ጡሩምባው ከፊታቸው ወድቋል። የታጣቂዎቹ ኃላፊ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

"ምልክቱ ለማን ነው?" ይላቸዋል።

"ለሞተ ሰው ነው፣ ልጄ።"

"የሞተ ሰው ይሰማል?"

"እሱማ በምን ጆሮው! ለቋሚው ነው እንጂ።"

"ቋሚዎቹ የት ናቸው?"

"በየቤታቸው።"

አንደኛው ታጣቂ፣ "ይኸው፣ ራሱ አመነ!" አለ።

ቀረብ ብዬ የቅሬው ዳኛ መሆኔን ተናገርኩ። ቅሬ ምን እንደሆነም አስረዳሁ።

"ሬሳውን አሳየኝ" አለኝ ኃላፊው።

"ተቀብሯል።"

"መቼ?"

"አሁን። ከዚያ መመለሳችን ነው።"

"ታዲያ በእናንተ አገር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም ጋሽ መኮንንን ዞር ብዬ፣ "አይነፋም ብዬ አልላክሁብዎትም?" አልኳቸው፤ የማይሆን ቦታ ላይ ዳኝነቴ መጣብኝ።

"ልከሃል። ለይመር ያልነፋሁት ለማን ልነፋው ነው?" አሉኝ ተንበርክከው።

ከነአካፋችን ወደ መቃብሩ ነዱን። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ኃላፊው ዙሪያውን ዞሮ አየውና፣ "መሣሪያ ነው የቀበራችሁት። ክፈቱት። ሰው ከሆነ ሽማግሌው ይሄዳል፤ ካልሆነ እዚሁ ይቀራል" አለ።

ጋሽ መኮንን ጮኹ። "እኔን እዚሁ ግደሉኝ እንጂ ይመርን እንዳትነኩት! እንድሪስ፣ እንዳትከፍት! በወላዲቷ ይዤሃለሁ!"

እኔም አልከፍትም አልኩ። የተቀበረ ሰው እንደማይነካ፣ ሀራም እንደሆነ፣ የሙት ክብር ከሕያው ክብር እንደማያንስ ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ። የማውቀውን ሁሉ ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ "እንግዲያው ሽማግሌው ይሙት ማለትህ ነው?" አለኝ።

ዝም አልኩ። አዎ አላልኩም፤ አይደለም ብዬም አካፋ አላነሳሁም። አንደኛው ጠመንጃውን አቀባበለ።

በዚህ ጊዜ ዘምዘም ስትሮጥ ደረሰች። ጫማ አላደረገችም። እኔ ሴት ወደ መቃብር አትምጣ ከሚሉት ነኝ፤ ያን ሰዓትም ይህንኑ አልኩ።

"ሴት ልጅ እዚህ ምን አመጣሽ? ተመለሽ!"

አላየችኝም። ጋሽ መኮንንን አየች፣ ጠመንጃውን አየች፣ የአባቷን መቃብር አየች።

"ክፈቱት" አለች።

"ዘምዘም!"

"ጋሽ እንድሪስ፣ አባቴን ያውቁታል አይደል? መኮንን ባንተ ምክንያት ተገደለ ቢሉት ዝም ብሎ የሚተኛ ይመስልዎታል? ይክፈቱት። ወንጀሉ በእኔ ይሁን።"

ማናችንም አካፋ አላነሳንም። እሷ ጎንበስ ብላ አካፋውን አነሳችና መቆፈር ጀመረች። ሁለት ሦስት ጊዜ አፈሩን እንዳወጣች አካፋውን ተቀበልኳት። ሌሎቹም ተከተሉኝ። ጋሽ መኮንን ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ "ይመር ይቅር በለኝ፤ ይመር ምነው አፌን በቆረጠው" እያሉ ያለቅሳሉ።

ቢስሚላህ እያልን ከከፈኑ በላይ የደረደርነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ድረስ ወረድን። በእግራቸው በኩል ያለውን አንዱን አነሳሁ። ነጩ ጨርቅና ከሥሩ የእግራቸው ቅርጽ ታየ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ቀና ሲል ወደ ማናችንም አላየም።

"መልሱት" አለ። ቀጥሎ ጋሽ መኮንንን፣ "ሁለተኛ እንዳትነፋ" አላቸው።

"ከሱ ወዲያ ለማን እነፋለሁ ብለህ ነው!" አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። አፋቸውን በእጄ ልይዝ ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ግን ትቷቸው ሄደ።

ድንጋዩን መለስን፣ አፈሩን መለስን፣ እንደገና ዱአ አደረግን። ዘምዘም እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ተመለሽ ያላት የለም። እኔም አላልኳትም።

ከተማዋ ከታጣቂዎቹ እጅ ከወጣች በኋላ ወሬው ተነሳ። የገዛ አባቷን መቃብር አስከፈተች ብለው ዘምዘምን ያሟት ነበሩ። እኔንም በቅሬው ስብሰባ ላይ የወቀሱኝ አሉ። አንድ ትልቅ ሼህ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። "ነፍስ ለማትረፍ ከሆነ አላህ ያውቃል፤ አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። ቃላቸውን ተቀብያለሁ፤ ስለ መክፈታችን ልቤ አርፏል።

ያላረፈው ስለ ዝምታዬ ነው። ሰው ሕግ ማወቅ አለበት፤ ይህን ዛሬም እላለሁ፣ ከቀብር የቀረውንም ዛሬም እቀጣለሁ። ግን ያን ጠዋት የማውቀው ሕግ ሁሉ ከጋሽ መኮንን ነፍስ ፊት ቆሞ፣ እኔ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም ነበር። ዘምዘም ባትደርስ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። አካፋውን አነሳ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ የምቀጣ ሰው እዚህ ላይ መዋሸት አይገባኝም።

ጋሽ መኮንን በሕይወት አሉ። ዘምዘምም አልፎ አልፎ ከኮምቦልቻ ትመጣለች። ቤቴ ስትገባ ከመቀመጫዬ እነሳላታለሁ። ልጆቼ፣ "አባ፣ በልጅህ ዕድሜ ላለች ሴት ትነሳለህ እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። እዚህ ያንብቡት።