ጫፉን ያዝ

ሹም በተለወጠ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ይለወጣል፤ ሚስማሩ ግን ያው ነው። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ያንን ሚስማር የምትመስል ኃላፊ ነበረች። በፊቷ «እትዬ»፣ ከኋላዋ «እትዬ ጫፍ» ይሏታል። ትልቅ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነውና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕጓ አንድ ነበር፦ «ተጨቃጨቁ፤ ጫፉን ግን እንዳትለቁ።» የለቀቀ መልሶ በእጁ ያጥባል።

መንግሥት በተገለበጠ ሰሞን አሥራ ሦስቱ ሠራተኞቿ ሁለት ጎራ ሆነው ተኮራረፉ። እሷ ወንድሙ ከአዲሶቹ ጋር የዘመተውን ጎረምሳ፣ ለወደቁት ሲያጨበጭብ ከኖረው ሽማግሌ አጣቢ ጋር አንድ አንሶላ አስያዘቻቸው። ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ አጠፉ። በስምንተኛው ቀን ሽማግሌው፣ ወዳንተ አትጎትት፣ ወገኖችህ የጎተቱት ይበቃል ቢለው ጎረምሳው ሳቅ አመለጠው።

ይህ የሰላም ወሬ አዲሱ መንግሥት በሆስፒታሉ ላቋቋመው ኮሚቴ ሊቀመንበር አልተመቸውም። ሰውዬው ትናንት የአሮጌውን ሹም ኮት ሲያራግፍ የነበረ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አብዮተኛ የሆነው ኮቱን ሰቅሎ ሳይጨርስ ነው። ታማኞቹንና ተጠርጣሪዎቹን በሁለት ፈረቃ እንድትለይ፣ የሚባረሩትንም ስም እስከ ሰኞ ጽፋ እንድታመጣ አዘዛት። ካልጻፈች ኃላፊነቷ አበቃ።

ስሙን አልጻፈችም። ፈረቃውን ግን ለየች፤ የሠራችው ስህተት እሱ ነው። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በፈላ እንደማይለቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሽማግሌው ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ነበር። ታማኞቹ የሁለቱንም ወገን ቁስለኞች አንሶላ ከነታማኝነታቸው የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈቁት። ደሙ ተጋገረ። ሠላሳ አንሶላ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ፈረቃ መልሳ ቀላቀለችና ሠላሳውንም ከኮሚቴው መስኮት ፊት ለፊት አሰጣቻቸው። ሊቀመንበሩ እየተንደረደረ ወረደ። እስከ ትናንት «እትዬ» ይላት የነበረው አፍ «አንቺ» አላት።

«አንቺ፣ ይህን ጉድ አውርጂ። ዝርዝሩስ የታለ?»

«ያውልህ ተሰጥቷል። የትኛው ደም የየትኛው ወገን እንደሆነ ለይተህ ንገረኝ፤ እኔም ሠራተኞቼን ለይቼ እጽፍልሃለሁ።»

ሰውዬው አንሶላዎቹን አየ። ጎረምሳው ከበሩ ሥር ድምፁን ሳያነሳ፣ «ሽማግሌውን ካባረራችሁ የኔን ሌላኛውን ጫፍ ማን ይይዝልኛል? እኔንም አብራችሁ ጻፉኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዋ መጣ፤ ከኃላፊነት ተነስታ ተራ አጣፊ ሆነች። ሊቀመንበሩም ወረቀቱን ይዞ ስም የሚጽፍለት ፍለጋ ክፍሉን ዞረ። የጠየቀው ሁሉ እጄ ተይዟል አለው። እውነታቸውን ነው። አሥራ ሦስት ሆነው ሁልጊዜ አንድ ሰው ያለ ጥንድ ይቀር ነበር፤ በእሷ መሻር ጎዶሎው ሞልቶ፣ አንድም ባዶ እጅ አልተገኘም።