ብርድ የቻለችው ሩዝ

የዚያን ዓመት መስከረም ሞቃት ነበር። የኩልመስክ ሰው በመስከረም ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም ደስ አለው፤ እኔ ግን ደጋ እንዲህ ሲለሰልስ ያስፈራኛል።

ዋርሳዬ ደሳለ፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ሩዝ የሞከረው በዚያ ዓመት ነው። ዘሩን ያመጣችለት ዓለምእሸት የምትባል የእርሻ ምርምር ሠራተኛ ልጅ ናት። ወንዙ ዳር ዘራት፤ ሐምሌ ላይ በረዶ ወርዶባት ችግኟ ቀና አለች። ኅዳር ላይ ያጨዳትን አንቀምስም ብሎ ለዘር አስቀመጣት።

ዓለምእሸት ይህን ስትሰማ መጣች።

«ጋሽ ደሳለ፣ ብርድ የቻለችው በችግኝነቷ ነው። ስታረግዝ የሚያስችላት ሌላ ነው፤ በዘሯ ውስጥ ለየብቻ ነው የሚወረሰው። አንዱ ኖሯት ሌላው ላይኖራት ይችላል። ዘንድሮ የመስከረሙ ሙቀት አዳናት እንጂ።»

«አንቺ ልጅ! በጉርምስናው ብርድ የቻለ ጎልምሶ ይፈራል?»

«ጎረምሳ አይደለችማ፣ እርጉዝ ናት!»

ሳቀባት። በዓመቱ የገብሱን ማሳ ሁሉ ሩዝ ዘራበት። ከአባቱ የወረሰውን፣ የእኛን ውርጭ የለመደውን የዘር ገብስ ደግሞ ለማኅበር ጠላ አስጠመቀው።

«ጠላህ ጣፍጧል፤ ገብሱ ከየት ነው?» አሉት የማኅበሩ ቄስ አባ ወልደ ሰንበት።

«የዘሬ ነው አባ።»

ዋንጫው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ዘርህን አጠጣኸን?»

«ይጠጡ እንጂ አባ፣ ከእንግዲህ ገብስ ማን ይዘራል!»

ሌላው ሳቀ። እሳቸው ዋንጫውን መሬት አስቀመጡት።

መስከረም ላይ ሩዟ አርግዛ ሆዷ ነፋ ሲል ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፤ ሰማዩ ጠራ፣ ሌሊቱም ቆፈን ሆነ። ቅጠሏ ግን አልተቃጠለም። እኛ የምናውቀው ውርጭ ቅጠል ያነዳል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ ዳነ እንላለን። ደሳለም እንዲያ ብሎ ለአጨዳ ደቦ ጠራ።

ሚስቱ ማኅሌት ናት መጀመሪያ የጠረጠረችው። «እትዬ፣ ይኸ ዛላ ለምን አያጎነብስም?» አለችኝ። ቆርጬ በመዳፌ አሸሁት። እብቅ ነው። ሌላውንም አሸሁ። ማሳው ሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አረንጓዴ፣ ባዶ።

ደሳለ ዘር ፍለጋ ሙጃ ገበያ ድረስ ሄደ። ገብስ ሞልቷል፤ የአባቱ ዓይነት ግን ማንም ዘንድ አልተገኘም። የገዛውን ዘራ፤ እሱንም ውርጭ ጨረሰው። ማኅሌት ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እሱም ሳይሰናበተን ወጣ።

መጨረሻ ያየው የሰፈራችን ሹፌር ምናለ ነው፦ ወረታ ከተማ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት፣ ጆንያ ሲሸከም። ከዚያ በኋላ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ወሬውም አልመጣም።